የጋሽ ጥላዬ ኳሶችና የጋሽ ጥላዬ ጫማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ብረት ነው ድንጋይን የሚበላው ወይስ ድንጋይ ነው ብረትን? እኔስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ዘርትሁን ልጇን አዝላ የወርቅ ድንጋይ ወደሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ሥራ ስትገባ፣ ባለቤቱ ጋሽ ጥላዬ በሩ ላይ ወገቡን ይዞ ጠበቃት። ጋሽ ጥላዬ ማለት አንድ ጫማ ዐሥራ አንድ ዓመት ያደረገ ቆንቋና ነው። ይባስ ብሎ በሰው ፊት እግሩን እያነሳ «ዕቃ አያያዝ ከኔ ተማሩ!» ይላል።

ወፍጮው ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ሆዱ ውስጥ የብረት ኳሶች አሉ፤ በርሜሉ ሲሽከረከር ድንጋዩን እየደበደቡ ያደቁታል። ሲገዙ ብርቱካን ያክሉ ነበር። አሁን መንደሪን አክለው ድንጋዩ እንደ ቅንጬ ተከክቶ ይወጣል። ዘርትሁን «ጋሼ፣ ኳስ ይጨመር፤ ወርቁ እኮ ከነድንጋዩ እየተጣለ ነው» ብትል ብትል ማን ይስማት!

«ሦስት መቶ ኪሎ ኳስ ነው ያስገባሁት» አላት የዚያን ቀን። «ዛሬ ባስመዝነው ሁለት መቶ ዐሥር! ዘጠናው የት ገባ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ!»

«በዚህ ማዘያሽ ነው የምታወጪው! ኳሶቼ በከሱ ቁጥር ይሄ ልጅሽ ይወፍራል!»

ዘርትሁን ክው አለች። ከሥራ ብትባረር ልጇን በምን ልታሳድገው ነው? ብትታሰርስ ማን ያጠባላታል?

እየተጨቃጨቁ የሰፈሩን ነገር ወደሚዳኙት ሽማግሌ ወደ አባ ይማም ሄዱ። እሳቸው በሚዳኙበት ማንጎ ዛፍ ሥር ሰው ግጥም አለ።

«ማዘያው ይፈታ!» አለ ጋሽ ጥላዬ።

ተፈታ። አንድ ሕፃን፣ አንድ የሽንት ጨርቅ፣ የተገመጠች ሙዝ። አባ ይማም ልጁን ብድግ አደረጉና «ክብደቱስ እውነትም የብረት ነው!» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ልጁም አብሮ ሳቀ።

ጋሽ ጥላዬ ግን ወይ ፍንክች! «ዛሬ ባትይዝ ትናንት ወስዳለች! ብረት እግር የለው፣ ራሱ አይሄድ! ወይ ብረቴን ታምጣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ትሂድ!»

ዘርትሁን አፍራ አንገቷን ደፋች። ስትደፋ ያ የዐሥራ አንድ ዓመት ጫማ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ተረከዙ ባንድ በኩል አልቆ፣ ሰውዬውን ወደ ግራ አዘንብሎታል።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የጫማዎ ተረከዝ የት ሄደ?»

«ምን አገባሽ! አለቀ እንጂ የት ይሄዳል!»

«ማን ጨረሰው?»

«መንገዱ ነዋ!»

«እርስዎ ለስላሳ አፈር ላይ ቀስ ብለው እየሄዱ ተረከዝዎን መንገድ ከጨረሰው፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲደበድቡ የሚውሉትን ኳሶች ማን እንደጨረሳቸው ጠፋዎት? በሉ መጀመሪያ መንገዱን አሳስረው ይምጡ፤ እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላው እከተላለሁ!»

አባ ይማም ከሳቃቸው ብዛት ቆባቸው ወደቀ። «መንገዱ እስኪያዝ ድረስ እሷ ሥራዋን ትሥራ፤ አንተም ኳስ ጨምር!» ብለው ፈረዱ።

ኳስ ተጨመረ። ዱቄቱም የሕፃን ገንፎ የሚገነፋበት እስኪመስል ላመ።

ጋሽ ጥላዬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ መንገዱ እንዳይጨርስበት ጫማውን በብብቱ ይዞ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው። ዘርትሁንም እንደገና ጭንቅ ይዟታል፤ ነገ የእግሩ ተረከዝ ያለቀ ቀን ደግሞ መጥቶ ማዘያ ሊያስፈታ ነው። እስቲ እናንተ ምከሯት፤ «ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ» ትበለው ወይስ «ወፈረ» እንዳይባል ከአሁኑ ልጇን ታክሳው?