ማዶ ቆሞልሃል

ድሮ ድሮ፣ ወፍና ሰው እህል በሚገበያዩበት ዘመን፣ ስሙን በማልነግራችሁ አገር፣ ጓንጉል የሚባል ከሰል አክሳይ ይኖር ነበር። እናቷ የሞተችባት ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ጓንጉል ከዓለም የሚወደው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁንና መጥረቢያውን።

የዚያ አገር ሽማግሌዎች «ዛፍ ቆርጦ ያልተከለን ሰው የዛፉ ጥላ ይከተለዋል» ይሉ ነበር። ጓንጉል ደግሞ መቁረጥ ይወዳል፣ መትከል ይታክተዋል፣ ጥላውን ይፈራል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሻለዋል?

አንድ ቀን ትልቅ ወይራ ሊጥል መጥረቢያውን ሲያነሳ፣ ማጅራቷ ነጭ የሆነ ቁራ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች።

«እንደምን ዋልክ ጌታው? ምነው መጥረቢያህን አንስተህ ቀረህ?»

«ጥላው እንዳይከተለኝ ፈርቼ ነው፣ እሜቴ ቁራ።»

«ኧረ አትፍራ! ከተራራው ማዶ ደን አለኝ። አንተ እዚህ አንድ ስትጥል፣ እኔ ማዶ አንድ እንዳይቆረጥ እጠብቅልሃለሁ። ያ በዚህ ይካካሳል። አንተ ብቻ በየዛፉ አንድ ቁና እህል ስፈርልኝ።»

«ጥላው መጥቶ ቢጠይቀኝስ?»

«‹ማዶ ቆሞልሃል› በለው፤ ይሄዳል።»

ጓንጉል ልቡ ቅቤ ጠጣ። ወይራውን ገነደሰ፣ እህሉን ሰፈረ። በማግስቱ በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ጥላ ሁሉ ከእግሩ ሥር ሲገባ፣ የወይራው ጥላ ግንድ ሳይኖረው መሬት ለመሬት እየተሳበ ደጁ ድረስ መጣ። የጥላው ቅጠሎች ይርገበገባሉ፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

«ዛፌ ወዴት አለ?» አለው።

«ማዶ ቆሞልሃል» አለ ጓንጉል።

ጥላው ተራራውን ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጓንጉልን ማን ይቻለው! ጥዱን ጣለ። «ዛፌ ወዴት አለ?» «ማዶ ቆሞልሃል።» ዝግባውን ጣለ። «ዛፌ ወዴት አለ?» «ማዶ ቆሞልሃል።» ቁራዋ እህሏን ትለቅማለች፣ እሱ ከሰሉን ይከምራል። ምንጩ ሲቀጥን እንኳ «ማዶ ይመነጭ የለ?» ብሎ ተወው። ሞኝነቱ ያናድደኛል፤ ማዶ የመነጨ ውሃ የማንን እንስራ ሊሞላ ነው?

አንድ ቀን በቀትር ጥላዎቹ ሁሉ ተመለሱ። ሲወርዱ ቁልቁለቱ ጠቆረ። አሁን ምንም አልጠየቁም። ጓንጉልን አልፈውት ሄዱና፣ ደጅ ላይ ገብስ ስታሰጣ የነበረችው ትርንጎ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተቀመጡባት።

«አባዬ፣ በረደኝ» አለች።

ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል፤ የልጅቱ ጥርስ ግን ይንገጫገጫል። ከሰል አቀጣጥሎ ቢያቀርብላት፣ ፍሙ ወደሷ ሲጠጋ ይከስማል።

«ዛፎቻችሁ ማዶ የሉም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ማዶ የቆመ የለም» አሉት በአንድ ድምፅ። «ማረፊያችን እሷ ናት።»

ጓንጉል እያለቀሰ ወደ ማዶ ሮጠ። ሸለቆው ውስጥ፣ የደረቀው ወንዝ ላይ ሲደርስ፣ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው መጥረቢያ ተሸክሞ እያለቀሰ ሲወርድ አየ።

«ወዴት ነው ወንድሜ?»

«ወደ ማዶ ነው፤ ቁራ ወደምትጠብቅልኝ ደን። ልጄን በጠራራ ፀሐይ በረደው።»

ጓንጉል ቀና ብሎ የሰውየውን ተራራ ቢያይ፣ እንደ ተላጨ ራስ ተራቁቷል። ሰውየውም የጓንጉልን አየ፤ ያው ነው። ለካ አንዱ የሌላው ማዶ ኖሯል! ቁራዋ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ ስትሸጥ ኖራለች።

«አይዟችሁ፣ ሌላ ማዶ አለኝ!» እያለች ከበላያቸው አንዣበበች። የሚሰማት አልነበረም። ከወዲህ የምታርፍበት ቅርንጫፍ አጥታ ወደዚያ ስትበር፣ ከወዲያ አጥታ ወደዚህ ስትበር፣ ክንፏ ዝሎ ወንዙ ድንጋይ ላይ ወደቀች።

ጓንጉል ተመልሶ በየጉቶው አጠገብ ችግኝ ተከለ። ችግኝ ግን በአንድ ቀን ዛፍ አይሆንም፤ የልጁ ትንፋሽ ደግሞ እያጠረ ነው። አማራጭ ሲያጣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ቆመ።

«እኔ ዛፍ ልሁናችሁ፤ እሷን ልቀቁልኝ!»

ጥላዎቹ አንድ በአንድ ከትርንጎ ላይ እየወረዱ እሱ ላይ ተንጠለጠሉ። የልጅቱ ገላ ሞቀ። ጓንጉል ግን በረደው፤ በረደውና ቆመ።

ክረምት ገባ፣ ቆመ። በጋ ገባ፣ ቆመ። ትርንጎ ከሩቅ ውሃ እየቀዳች ግማሹን ለአባቷ፣ ግማሹን ለችግኞቹ ታጠጣለች። እሷ አድጋ ለወግ ማዕረግ ስትበቃ፣ ችግኞቹም የአባቷን አናት አለፉ። ያን ጊዜ ጥላዎቹ እየተላቀቁ በየዛፋቸው ሥር ገቡ። የመጨረሻው ሲሄድ ግን የጓንጉልን የራሱን ጥላ ነጥቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጓንጉል በፀሐይ ሲሄድ መሬቱ ላይ ምንም አይታይም ነበር። ገበያ ሲወጣ እናቶች ልጆቻቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ፤ ሰላም ብሎ እጁን ቢዘረጋ የሚጨብጠው የለም። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው እንግዲህ እንዲህ ያሉት፤

ደጁን መንጥሮ ማዶን ያመነ፣
በጠራራ ፀሐይ ጥላ ቢስ ሆነ።