ከሆድ የተነሣው ስብ

አቶ ዳምጠው የክፍለ ከተማው ቤት አፍራሽ ግብረ ኃይል አዛዥ ነበሩ። አንድ የድሃ ሰፈር "የከተማውን መልክ አበላሸ" ብለው በአንድ ቀን ሜዳ ካደረጉት በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ገዛ ቦርጫቸው አዞሩ። ባሕር ማዶ ሄደው ስቡን በቱቦ አስመጠጡና ሸንቀጥ ብለው ተመለሱ። ኮታቸውንም ከዚያው ከፈረሰው ሰፈር ተነሥቶ ከተማ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ለሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ሰጥተው አስጠበቡ።

ዓመት ሳይሞላ ኮቱ ስብሰባ መሃል ከጀርባው ተተረተረ። አቶ ዳምጠው እየጮኹ መጡ።

"ሆን ብለህ ነው ያዋረድከኝ! ስቤን ሐኪም አውጥቶ ጥሎታል፤ ታዲያ ጀርባዬ ከየት አምጥቶ ይወፍራል? አሁኑኑ አስረዳኝ፣ አለዚያ ይቺን ሱቅህን አሽጋታለሁ!"

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካቸው። ሆዳቸው እንደጠፋ ነው፤ ጀርባቸው ግን በስንዝር ጨምሯል።

"ጌታዬ" አለ ሜትሩን ቀስ ብሎ እየጠቀለለ፣ "እርስዎ የሚያፈርሱት ቤቱን እንጂ ነዋሪውን አይደለም። እኛን ከመሃል ቢያስነሡን ዳር ወጥተን ሰፈርን። ሐኪሙም ያፈረሰው የስቡን ማደሪያ ነው፤ ስቡንም ከፊት ቢያስነሡት ከኋላ ዞሮ ሰፈረ። እኛንስ ጥለውን ሄዱ፤ እሱን ግን ተሸክመውት ነው የሚዞሩት።"