ወረፋ የማያስይዘው ማዳበሪያ
የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል መቼም ለጋስ ናቸው፤ ለገበሬው ሁሉ የመጣውን ዩሪያ ማዳበሪያ ለዘመድ ለወዳጃቸው አደሉት። ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ አንዲት ገበሬ ሴት ባዶ እጇን ተመለሰች። ክረምቱ ሲገፋ ማዳበሪያ ያጣው ሁሉ ስንዴው ገረጣበት፤ የእሷ ግን እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ለመለመ።

ሊቀመንበሩ ታጣቂ አስከትለው ማሳዋ ድረስ መጡ።

«ዩሪያውን በስውር የሸጠልሽን ሰው ስም አምጪ! አለዚያ ዛሬ የምታድሪው እስር ቤት ነው!»

ሴትዮዋ ሰው አክባሪ ናትና ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«ባቄላ ይባላል፣ ጌታዬ። ዐምና እዚሁ ዘርቼው፣ ናይትሮጅን የሚሉትን የስንዴ ምግብ ከአየር እየሳበ በሥሩ መሬቴን አጉርሶልኝ ሄደ። ወረፋ አላስያዘኝ፣ ስብሰባ አልጠራኝ። ቢጠረጥሩም አይፈረድብዎትም፤ ከድሃ ወስዶ ለዘመዱ የሚሰጥ እንጂ፣ ከአየር ወስዶ ለድሃ የሚሰጥ የት አይተው ያውቃሉ?»