የመስታወቱ ባሕር

«አንድ ሰው ነበረ» አሏት አባባ ዘውገ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ጎረቤቷ።

ፈትለወርቅ የጠየቀቻቸው ግን ስለ ልጇ ነበር። «ምግብ እንቢ ካለች ሰነበተች። ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ሆዴን ትላለች። ሐኪሙ ምንም የለባትም አለኝ፤ ጠበልም ወሰድኳት። ምን ልስጣት አባባ?» ነበር ያለቻቸው። ቢሆንም ሰው ሲናገር ማቋረጥ አትወድም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች።

«ሀብታም ነው። ጅቡቲ ከባሕሩ ዳርቻ አድጎ ድሬዳዋ የከተመ። ባሕሩ ቢናፍቀው አንዲት የባሕር ዓሣ አስመጣና ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ አኖራት። ቢጫ ናት፤ ስታዪያት ዓይን ትይዛለች። ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ደኅና አደርሽ የሚለው እሷን ነው። ሚስቱ ‹እኔም ክንፍ ላብቅል እንዴ?› እያለች ትስቅበታለች።

«የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ውኃውን ያጎድለዋል። ሰውየው ታዲያ በጎደለ ቁጥር ጨው በጥብጦ ይሞላላታል። ባሕር ጨው ነው አይደል? ምንም እንዳይጎድልባት ብሎ ነው። አንድ ቀን ዓሣዋ ምግቧን ተወች። ድንጋይ ሥር ተወሸቀች፤ ቁና ቁና ትተነፍስ ጀመር። ታመመች ብሎ መድኃኒት ጨመረባት። ባሰባት። ሌላ መድኃኒት ሊጨምር ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው። ‹አንተ ሰው፣ እስቲ መጀመሪያ የምትኖርበትን ቅመስ!›

«ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ምላሱን አቃጠለው። ባሕር የሚያውቅ ሰው ነውና ደነገጠ። ሙቀት የሚወስደው ውኃውን ብቻ ነዋ! ጨውማ የት ይሄዳል? እዚያው ይከማቻል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ተወና ተቀምጦ ያደረ፣ ጨው ያልገባበት ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረገ ጨመረላት፤ በአንዴ ቢያፈስባት አትችለውም። ውላ አድራ ከድንጋዩ ሥር ወጣች።»

አባባ ዘውገ ወደ እሷ ዞሩ።

«ዓሣዋ ልጅሽ ናት። የሚለየን ግድግዳ ነው፤ እሰማለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጥናት፣ ከራት በፊት ጥናት፣ ቅዳሜም ጥናት። አንቺ ከትምህርትሽ ስለቀረሽ እሷ እንዳይጎድልባት ነው። ትምህርት ክፉ አይደለም፤ ጨውም ለዓሣ ክፉ አይደለም። ከልጅሽ የጎደለው ግን ጨዋታ ነው፤ አንቺ የምትሞዪላት በጨው ነው።»

«እንደኔ እንዳትሆንብኝ ብዬ እኮ ነው» አለች ፈትለወርቅ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሰውየውስ ቢሆን ወዷት አይደል?»

በማግስቱ ልጅቷ ስትመለስ እናቷ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆማ «ስንት አገኘሽ?» አላለቻትም። ግቢው ሲሚንቶ ላይ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ አስምራ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በአንድ እግሯ ትዘል ነበር።

«እማዬ፣ መስመር ረገጥሽ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ።

ፈትለወርቅ ከመስመሩ ወጣችና ተራውን ለቀቀችላት።