ከምሳ በኋላ የተነበበው

እትዬ ዘርፌ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ለተማሪዎች ምሳ የሚሆነውን ምስር ይለቅማሉ። ዛሬ በከተማችን ሁሉም የሚለው አባባል ከዚህ ሰፌድ ተነሣ ቢባል ማን ያምናል?

በዚያ ሰሞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከአራተኛ ክፍል በላይ ላሉ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ እንዲቀር ወስኖ ነበር። የእትዬ ዘርፌ የእህት ልጅ ሙሉሰው ሴት ልጁ አምስተኛ ክፍል ናትና ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ እንዴት እንደሚያንቀላፉ፣ ምሳው ሲጀመር እነማን ከጉልት ወደ ክፍል እንደተመለሱ አንድ በአንድ አስረዳ። መጨረሻ ላይ ግን "እናንተ አህዮች!" ብሎ ዘጋው። ከተማው የተቀባበለው ያቺን መጨረሻ ብቻ ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ሙሉሰው እጁን አወጣ።

"የልጆቹ ምሳ ነገርስ?"

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረየስ ፈገግ አሉ። "ወንድሜ፣ አህያ ምን መልስ ያውቃል?"

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጥያቄው እዚያው ቀረ።

በትምህርት ቤቱ ልማድ፣ በስብሰባ ቀን ሁሉም ከልጆቹ ድስት ይበላል። ሙሉሰው ሳህኑን ሊጨርስ ሲል ጥርሱ ላይ ቀጭ አለበት።

"ኧረ እትዬ! ጥርሴን ጨረሱት እኮ! ምን ዓይነት ምስር ነው?"

"ውይ፣ በሞትኩት! አመለጠችኝ!" እትዬ ዘርፌ ባዶ ሊሆን የደረሰውን ሳህን አዩት። "ይኸን ሁሉ ስትበላ ግን ጣፈጠኝም አላልክ።"

ሙሉሰው ጠጠሯን መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ስልኩን አወጣና የጽሑፉን የመጨረሻ መስመር አጠፋ።

ስብሰባው ሲቀጥል ተነሥቶ ቆመ። "አቶ ገብረየስ፣ ለስድቡ ይቅርታ። የቀረውን ላንብበው?"

አነበበ። ያው ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመረበትም። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ሊወጡ የተነሡት ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄ ሁሉ ተጽፎ ነበር እንዴ?" አሉ ዝግ ብለው። "እንግዲህ... እንደገና ተነጋግረን እስክንወስን፣ የማንም ልጅ ምሳ አይቋረጥም።"

ወላጆች ሲያጨበጭቡ እትዬ ዘርፌ ወደ ማብሰያው ቤት ተመለሱ። የነገውን ምስር ለቅመው ጨረሱ፤ ሰፌዱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረጉትና፣ "አዬ ጉድ! ሳህን ሙሉ ምስር፣ የሚሰማው ጠጠር" አሉ።