የናርከሽ ቀጥቃጮች የቀትር ዝምታ

በፋርስ በረሃ ዳር በምትገኘው በናርከሽ ከተማ፣ የመዳብ ቀጥቃጮች ገበያ ዛሬም ቀትር ላይ ጸጥ ይላል። መዶሻ ይቀመጣል፣ ዋጋ የሚከራከርም አፉን ይይዛል። እንግዳ ሰው ጸሎት ይመስለዋል፤ ጸሎት ግን አይደለም።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ድሮ ወደ ህንድ አገር የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ የናርከሽን ድስት ሳይጭን አያልፍም ነበር። የገበያው አርባ ቀጥቃጮች በአንድ ምት ይመቱ ነበርና ኩራታቸውም ይኸው ምት ነበር። ከተማዋ ግን ውሃ አልነበራትም። ናዴር የተባለ ቆፋሪ ከተራራው ሥር ጀምሮ የመሬት ውስጥ ቦይ ሲቆፍርላት ኖሮ፣ ገበያው ሥር እንደደረሰ አፈሩ ከፊትም ከኋላም ተናደበት።

ሚስቱ ጎልናር ቀትር ላይ ወደ ቀጥቃጮቹ አለቃ ወደ ቤህዛድ መጣች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ከእግራችሁ ሥር ተቀብሯል። ነፍሱ ካለች ያንኳኳል። ጥቂት ዝም ብትሉልኝ የት እንዳለ እሰማ ነበር» አለችው።

«ሲራራው ነገ ማለዳ ይነሳል፣ እህቴ። ሥራ ስንፈታ ነይ» አላት።

ቤህዛድ ክፉ ሰው አልነበረም ይባላል፤ ሥራ ይዞት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ከምቱ የወጣ ድምፅ ጆሮው ገባ። «ማነው ምቱን የሚያበላሸው?» ብሎ ተቆጣ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ አንድ አዛውንት መዶሻውን ተቀምቶ ከሥራ ተነሣ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ። ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ።

«አሁን ተስተካከለ» አለ ቤህዛድ።

ሥራ ሲፈቱ ጎልናር ጆሮዋን መሬት ላይ ብታስቀምጥ ምንም አልሰማችም። ቆፈሩ፤ ናዴርን ያገኙት መዳቡ ከሚቀጠቀጥበት ከራሱ ከቤህዛድ መስፍ ሥር ነበር፤ ከማንኳኳት ብዛት የዶማው አፍ ደንዝዟል። ቤህዛድ አላለቀሰም፣ እንባም አልመጣለትም። ከሞቱ አሟሟቱ ይሉት ነገር የገባው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው፤ መዶሻውን አስቀምጦ ጆሮውን መሬት ላይ ደፋ። ሌሎቹም ዝም አሉ፤ እስኪሞት ድረስም በየቀኑ እንዲሁ አደረገ። ጎልናር ግን በዚያች ሰዓት ቤቷን ዘግታ ሁለት ጆሮዋን ትይዝ ነበር ይባላል።

ሲራራው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቦዩን ግን ሌሎች ጨርሰውታል። ዛሬ መዶሻው ዝም ሲል ውሃው ከሥር ሲያልፍ ይሰማል። ከውሃው ሌላ የሰማ ሰው እስካሁን የለም፤ ቀጥቃጮቹ ግን ያዳምጣሉ።