በወይራ የታጠነው በርሜል

በእኛ ከተማ፣ በዋሻ በር፣ ባዶ የቤንዚን በርሜል ወደ ሰው ጓሮ አይገባም፤ ወደ ተሞላበት ማደያ ይመለሳል። ሁለት ባላንጣዎች ታርቀው የአንደኛው ፊት አልፈታ ሲል ደግሞ ሽማግሌዎቻችን አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው የበርሜሉንና የዕርቁን ነገር ምን እንደሚያገናኘው አያውቅም። የሚያገናኘው የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ ሰርግ ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። የጠላቸው ጣዕም ከእናታቸው ከወረሱት የሸክላ ጋን የመጣ ነው ይባል ነበር። ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሱ ግን ያ ጋን አነሰባቸው። የሙሽራው ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ጠላ ያለቀበት ሰርግ ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። በዚህ ሲብሰለሰሉ ነው ደርብ ባዶ በርሜል በጋሪ ጭኖ የመጣው።

ደርብ ለባጃጆች ቤንዚን እየቀዳ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ለበር ጌጥ የሚሆን አሮጌ ጋን እንዲፈልግለት ጠይቆት ነበር።

«እትዬ ዘነቡ፣ ጋኑን ይስጡኝና ይህን በርሜል ይውሰዱ። የጋንዎን እጥፍ ድርብ ይይዛል።»

«ቤንዚን የነበረበትን?»

«የነበረበትን አሉ፤ አሁን የለበትም። ይኸው!» ብሎ ገለበጠው። ከአፉ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ደርብ አታላይ ሰው አይደለም። የተናገረው ያመነውን ነው። ወይዘሮ ዘነቡም በዓይናቸው አይተው ተስማሙ፤ ጋኑም በጋሪ ተጭኖ ሄደ።

በርሜሉን በአመድ አጠቡት፤ በሳሙና ደገሙት፤ እንደ ጋን አስበውም በግራዋ ቅጠል አለቀለቁት። እጣቢውን ከጓሯቸው ጌሾ ሥር ደፉት። በሳምንቱ ጌሾው ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን ማርገፍ ጀመረ። «ፀሐይ መታው» ብለው አለፉት። ሽታው ግን ከበርሜሉ አልለቅ አለ። ለዚያማ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የጠላ ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እናታቸውም፣ አያታቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

አንድ ጠዋት በርሜሉን በድንጋይ ደግፈው አፉን ወደ ታች ዘመም አደረጉት። በገል ላይ ፍም አድርገው፣ የወይራ ስንጥር ጨምረውበት ከአፉ ሥር አስቀመጡት። በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀመጡና እፍ ሊሉ አጎነበሱ።

ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ጊዜ የሆናቸው ጎረቤታቸው አባ ጠንክር በራሳቸው ደጅ ግንብ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ዘነቡ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ወይራ ነዋ! አፍንጫዎም ዓይንዎን ተከተለ እንዴ?»

«ከወይራው ሌላ ነው የምልሽ።»

«ባዶ በርሜል ነው አባ። ታጥቦ፣ በግራዋ ተፈትጎ ያለቀለት።»

«ባዶ ነገር ይሸታል እንዴ?»

ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ፍሙ ተመልሰው አጎነበሱ። አባ ጠንክር በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«በይ ነይ፣ እጄን ይዘሽ ወደ ቤቴ አግቢኝ።»

«አሁን? ወይራው ሳይያያዝ?»

«አሁን። ሽማግሌ አታስለምኚ።»

«ፀሐዩም እኮ ገና አልጠናም! ዛሬ ምን ነካዎት?» እያሉ፣ እያጉረመረሙ ተነሡ። የሽማግሌውን እጅ ይዘው ከግንቡ ጀርባ እንደ ዞሩ ነፋስ መጣና ወይራውን አነደደው።

የመጣው ድምፅ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ዝም አሰኘ። የበርሜሉ ቂጥ ተገንጥሎ በአጥሩ ላይ በረረ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ተደረመሰ። ቤንዚኑ ቢቀዳም ትነቱ በሆዱ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ትነት ደግሞ ከፈሳሹ ይልቅ ለእሳት ይቸኩላል። ወይዘሮ ዘነቡ ሲመለሱ በርጩማቸውን ለሁለት ተሰንጥቆ አገኙት። ለረጅም ጊዜ እሱን ብቻ ቆመው አዩ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ደርብም ወሬውን ሰምቶ፣ ገና ወደ ሆቴሉ ያልላከውን ጋን በጋሪ እያስገፋ እየሮጠ ደረሰ። ወጣቶቹ ሊይዙት ተነሡ።

«ተዉት» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «እሱ ሲገለብጠው እኔም ቆሜ አይቻለሁ። እሳቱንም ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

ጋኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጎረቤቶችም «እኛ እያለን በርሜል ምን አስፈለገ?» እያሉ በየቤታቸው ያለውን ጋን ያመጡ ጀመር፤ ሰርጉም በዚያ ተሸፈነ። ደርብ ግን የበርጩማውን ስባሪ ይዞ፣ በትራቸውን ተደግፈው ወደ መጡት አባ ጠንክር ዞረ።

«ባዶ ነበር እኮ፣ አባ! አንዲት ጠብታ አልነበረበትም፤ በዓይኔ አይቻለሁ!»

አባ ጠንክር በእጃቸው እየዳሰሱ ትከሻውን አገኙትና ያዙት። «ልጄ፣ አንተን የሸነገለህ ዓይንህ ነው፤ እኔ እሱ ስለሌለኝ የምጠይቀው አፍንጫዬን ነው» አሉት። «ሽታው ካለ፣ ባለቤቱ አለ።»